በማኅደር የተንጠለጠለው ታብሌት

በደባርቅ ከተማ ታብሌት በማኅደር አንግቶ የሚሄድ ሰው ጋሽ ሸጋው ገሠሠ ብቻ ነበሩ። ማኅደር የጸሎት መጽሐፍ መያዣ ነው፤ ከቆዳ ይሰፋል፣ ጠፍር ይበጅለታል፣ ከትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ልጃቸው ሰብሌ ታብሌቱን ከባሕር ዳር ስትልክላቸው ወፈር ያለ የላስቲክ ሽፋን አልብሳው ነበር። እሳቸው ሽፋኑን አገላብጠው አዩና መጽሐፍ ላስቲክ አይለብስም ብለው አወለቁት። ከዚያ ገበያው ዳር ወዳለው ቆዳ ሰፊ ሄደው በልኩ ማኅደር አሠሩለት። ቆዳ ሰፊው ውስጡን ስፖንጅ ላድርግበት ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ፍራሽ ነው የምትሠራልኝ ብለው ተቆጡት። መንገድ ላይ ያያቸው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ጋሽ ሸጋው ግን ሰው ስለ ሳቀ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ሰው አይደሉም።

ታብሌቱ የመጣው በዓይናቸው ምክንያት ነው። ጎንደር ተወስደው ታይተው፣ የዓይንዎ መሐሉ ደክሟል፣ መነጽርም ቀዶ ሕክምናም አይመልሰውም ተብለው ተመለሱ። ተራራውን ያያሉ፣ በበር የሚገባውንም ሰው ይለያሉ፤ መጽሐፍ ሲዘረጉ ግን ያተኮሩበት ፊደል ይጠፋና ዳር ዳሩ ያለው ብቻ ይቀራል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሳያነቡ ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸውና ነገሩ ከሕመምም በላይ ሆነባቸው። ሰብሌ የጸሎት መጽሐፋቸውን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንስታ ታብሌቱ ውስጥ አስገባችላቸው። በሁለት ጣት ሲለጥጡት ፊደሉ የባቄላ ያህል ይገዝፋል። መጀመሪያ ባነበቡበት ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ አንሙት የያዙትን ወንፊት አስቀምጠው፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

እንደ ራሳቸው አባባል ጋሽ ሸጋው ለቅስና የተፈጠሩ ነበሩ። በልጅነታቸው ደረስጌ ማርያም ንባብ ቤት ገብተው፣ ከእኩዮቻቸው ሁሉ ቀድመው ንባብ ለይተው፣ መምህራቸው ዜማ ሊያስጀምሯቸው ሲሉ አባታቸው ሞቱ። እናትና ታናናሾች በእሳቸው ላይ ወደቁ። በዚያ ሰሞን የሊማሊሞን መንገድ የሚጠግን ሰው ይፈለጋል ተባለና ሄደው ስማቸውን አስመዘገቡ፤ ብራና ይነካ የነበረው እጃቸውም አካፋ ጨበጠ። ጡረታ እስኪወጡም ድረስ አካፋውን አላስቀመጡትም። ሰው ሥራቸውን ሲጠይቃቸው «የመንገድ ሠራተኛ ነኝ» ይሉና፣ ጥቂት ቆይተው «ግን ንባብ ቤት ነው ያደግሁት» ብለው ይጨምራሉ። ይህችን «ግን» ሳይሏት ቀርተው አያውቁም።

ሊማሊሞን ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ከደባርቅ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ሄዱ መሬቱ ባለበት ያበቃል። ደጋው ተቆርጦ ይቀርና ቆላው ታች ርቆ ይታያል፤ መንገዱ በገደሉ ላይ እየታጠፈ፣ እየታጠፈ ይወርዳል። የጥገና ሠራተኞቹ ካምፕ ከላይኛው መታጠፊያ አጠገብ ነበር። በክረምት ናዳ ይወርዳል። በበጋ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከላይ ሣር ሲነጩ ድንጋይ እያላቀቁ ይለቁበታል፤ ሠራተኞቹም ለእያንዳንዱ ድንጋይ ዝንጀሮዎቹን በስም እየጠሩ ይሳደባሉ። ጋሽ ሸጋው ጎሕ ሲቀድ አካፋቸውን ይዘው እስከ ታች መታጠፊያዎች ወርደው፣ የወረደውን ጠርገው፣ ተመልሰው ላይኛው ግንብ ላይ አካፋውን አስደግፈው፣ ከትከሻቸው ማኅደሩን አውርደው ያነቡ ነበር። ጉም ሲገለጥ ታች ያለው አገር ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ያን ሰዓት ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ ወጣትነታቸው እዚያ ግንብ ላይ ተቀምጦ የቀረ ይመስላቸዋል።

ሾፌር ያርጋልን ያወቋቸው በእንዲህ ዓይነት ጠዋት ነው። ያርጋል ያኔ ተሳቢ ያላት ኤንትሬ የጭነት መኪና የሚነዱ ጎረምሳ ነበሩ። ግንቡ አጠገብ አቆሙና በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ለእኔም አንብብልኝ አሉ። ጋሽ ሸጋው ወደ ምሥራቅ ዞረው አነበቡላቸው፣ መጽሐፉን ሳሙ፣ ያርጋልም አማትበው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ያርጋል ሳይቆሙ ያንን መንገድ ጀምረው አያውቁም። ሌሎች ሾፌሮችም አይተው ይቆሙ ጀመር፤ አንዳንዱ ብርቱካን፣ አንዳንዱ ከቆላ ማር ይዞላቸው ይወጣ ነበር። ጋሽ ሸጋውም በልባቸው፣ ቅስናው ቢቀርብኝ ይኸው እግዜር በገደል አፋፍ ላይ ምእመናን ሰጠኝ ይሉ ነበር። አካፋው የመንግሥት ነው፤ ንባቡ ግን የእሳቸው ነበር።

አሁን ሁለቱም አርጅተዋል። ያርጋል ዳባት ላይ ቤት ሠርተው ተቀምጠው ሳለ ደረታቸው ታመመ፤ ብርዱ ነው የሚጎዳዎ፣ ቆላ ይውረዱ ተባሉ። ከሊማሊሞ በታች አዲ አርቃይ ያለች ልጃቸው ከእኔ ጋር ይኑሩ ብላ ወሰነች። ያርጋል ባለፈው ሰሞን ለጋሽ ሸጋው ስልክ ደወሉ። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ እንደሚወርዱና፣ እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ተመልሶ መውጣት እንደሌለ ነገሯቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሊማሊሞን ሌላ ሰው እየነዳ ወርደው እንደማያውቁና እንደፈሩ ተናገሩ። ጎንበስ ብለው ሲሰሟቸው የነበሩት ጋሽ ሸጋው ቀና አሉ። ያርጋል ጨረሱ፦ «እዚያው ቦታችን ላይ ጠብቀኝ፤ እንደ ድሮው አንብብልኝ።»

ጋሽ ሸጋው በዚያ ሳምንት ወጣት ሆኑ ማለት ይቻላል። የሚያነቡትን መርጠው፣ ድምፃቸውን እያሞቁ፣ እትዬ አንሙትን ለጉሮሮ የሚሆን ተልባ አስፈልተው ጠጡ። ማክሰኞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሄዱ። ካፊያ ነበር። ከበሩ ሲደርሱ ለመሳለም ጎንበስ አሉ፤ ከትከሻቸው የነበረው ማኅደርም እንደ ልማዱ ወደ ፊት ተንሸራቶ የበሩን ድንጋይ መታ። የድሮው መጽሐፍ ይህንኑ ድንጋይ ዕድሜ ልኩን ሲመታ ኖሯል፤ ብራናው በእንጨት ገበታ የተጠረዘ ስለሆነ ምንም ሆኖ አያውቅም። እሳቸውም ምንም አልመሰላቸውም። ተሳልመው፣ ጸልየው፣ ሊያነቡ ሲያወጡት ግን መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጣጥቋል፤ ግማሹ ጠቁሯል፣ ካፊያውም በስንጥቁ ይገባል። እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። አንድ ቄስ አይተዋቸው ቤት ድረስ ሸኟቸው።

እትዬ አንሙት ስልክ ውኃ ሲገባው ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምተዋል። ሩዝ ቤታቸው የለም። ስለዚህ ታብሌቱን ከነስንጥቁ ጤፍ ውስጥ ቀበሩት። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ጤፍ ግን ሩዝ አይደለም፤ ያገኘው ቀዳዳ ሁሉ ውስጥ ይገባል። በማግሥቱ የጥገና ሱቁ ባለቤት ቻላቸው ታብሌቱን ሲያነሣው በድምፅ ማጉያው ወንፊትና በቻርጀሩ ቀዳዳ በኩል ጤፍ እየተንጠባጠበ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ቻላቸው ሳቁን በግድ ይዞ በመርፌ እያነቀሰ አወጣው። ጋሽ ሸጋው ኮስተር ብለው፣ ማኛ ነው፣ እንዳትደፋው አሉት።

ቻላቸው መናኸሪያው አጠገብ የተቀመጠ፣ አዋቂና ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ታብሌቱን ሲያበራው መጨረሻ የተከፈተው ገጽ በግማሽ ታየ፤ በጣት ቢገፉት ግን አይሄድም። ውስጡ ደኅና ነው፣ ገጾቹ አልጠፉም፣ የሞተው ስክሪኑና ተቹ ነው አላቸው። ከዚያ ያለውን መንገድ ሁሉ አስረዳቸው። አንደኛው ሙሉ ስክሪኑን መለወጥ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ግን ደባርቅም ጎንደርም የለም፣ ከአዲስ አበባ መታዘዝ አለበት፣ ቢፈጥን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚደርስ። ሌላው ከሞተ ታብሌት ላይ ስክሪን መንቀል ነው፤ ጎንደር ያለ ወዳጁ ጋ ደውሎ ጠየቀ፣ የተገኘው ሌላ ዓይነት ሆነ። ሰብሌም ከባሕር ዳር የሸጠላትን ሰው ጠይቃ ነበር፤ ወድቆ የተሰበረ ዋስትና የለውም ብሏታል። አዲስ ልግዛልዎ ብላ ለመነቻቸው፤ ያም ቢሆን ገጾቹን አስገብታ እስክትልከው ቅዳሜ ያልፋል።

ጋሽ ሸጋው የሚሰሙት ቅዳሜን ብቻ ነበር። የሁለት ሳምንቱን ተወው፣ እስከ ቅዳሜ ምን አለህ አሉት። ቻላቸው ገጾቹን ወደ ስልካቸው አዛወረላቸው። በስልኩ ላይ ፊደሉ እሳቸው በሚያዩት መጠን ሲለጠጥ አንድ ቃል እንኳ አይሞላም፤ ግራ ሲገፉት ቃሉ ያልፋል፣ ቀኝ ሲገፉት መስመሩ ይጠፋል። ቀጥሎ ማውስ አምጥቶ ከታብሌቱ ጋር አገናኘው። ገጹ በእርግጥ ተንቀሳቀሰ፤ ግን የጠቆረውን ግማሽ እየዘለሉ ለማንበብ ጠረጴዛና ወንበር ያስፈልጋል። ጋሽ ሸጋው በሊማሊሞ አፋፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ማውስ ሲያንከባልሉ ታያቸውና ተናደዱ። ቻላቸው ላይ ጮኹበት። ሰው ነህ ወይስ መካኒክ፣ ሽማግሌ መቀለጃ አደረግኸኝ አሉት። ወዲያው ደግሞ አፈሩና ከሱቁ ወጥተው ጥላ ሥር ቆሙ። ቻላቸው ተከትሏቸው ወጥቶ ሰብሌ አዲስ ብትገዛስ ይህን ምን እናድርገው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ስክሪኑን እዘዝለት፣ አዲስ አልፈልግም አሉት። የለመዱትን ዕቃ ጥለው ሌላ መያዝ በዚያ ሰዓት ከበዳቸው። የታዘዘው እስኪመጣ ይዘውት ይቆዩ ዘንድ ታብሌቱን ሰጣቸው።

ቤት ገብተው የድሮውን መጽሐፍ አወረዱ። በቃሌ እወጣዋለሁ ብለው ጀመሩ። መጀመሪያው ተንቆረቆረ፤ መሐል ላይ ሲደርሱ ግን ቆመ። እንደገና ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ቆመ። ድሮ ዓይናቸው ከቃላቸው ቀድሞ እየሄደ ይመራቸው ኖሯል፤ አሁን መሪው የለም። ያን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ደጋግመው ሞከሩ። በመጨረሻ መጽሐፉን አጥፈው እትዬ አንሙትን፣ ለያርጋል ደውይና ታምሟል በይልኝ አሏቸው።

እትዬ አንሙት ባላቸውን አንቱ እያሉ ነው የሚያናግሩ፤ ሲቆጡ ግን አንቱታው ራሱ ይከብዳል። «እኔ አልዋሽም» አሉ። «ሰውየው የሚሄደው ላይመለስ ነው። ማንበብ ካቃትዎ፣ አቃተኝ ብለው ፊቱ ቆመው ይንገሩት።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሸጋው በባጃጅ ሊማሊሞ አፋፍ ደረሱ። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ የተሰበረውን ታብሌት በማኅደሩ አንግተው ነበር። ለምን እንደያዙት ራሳቸውም አያውቁም፤ ባዶ ትከሻቸውን ለያርጋል ማሳየት ስላፈሩ ሳይሆን አይቀርም። የካምፑ ቤቶች ፈርሰዋል። ግንቡ አለ፤ እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ሣር በቅሎበታል። ጉሙ እንደ ድሮው ቀስ እያለ ሲገለጥ አዩ። ስንቱ አብሮ አደግ የሥራ ባልደረባ እዚህ ቆሞ ነበር፤ ማን ቀረ ብለው አሰቡ። ከታች የሚወጡ መኪኖች እያቃሰቱ አለፏቸው፤ አንዳንዶቹን እጃቸውን ዘርግተው እያስቆሙ ሾፌሮቹን አነጋገሩ።

ሚኒባሱ መጣ። ያርጋል ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ተጠቅልሏል። አንድ እጃቸው የበሩን እጀታ ጨብጧል፤ ጋሽ ሸጋው በመስኮቱ ሲስሟቸውም እጁ አልለቀቀም። ከኋላ ልጃቸውና ሌሎች ተሳፋሪዎች አሉ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ሰዓቱን ያያል፣ ለሽማግሌዎቹ ብሎ ግን አላጣደፋቸውም።

ጋሽ ሸጋው ማኅደሩን ከፈቱና ታብሌቱን አውጥተው የተሰነጠቀውን ፊት ለያርጋል አዞሩላቸው። እንዴት እንደተሰበረ፣ ቻላቸው ምን ምን እንደሞከረ፣ በቃላቸው ሊወጡት ሞክረው የት ላይ እንደሚቆሙ ሁሉንም ነገሯቸው። «አንባቢነቴ አልቋል» አሉ። «ባዶ እጄን ነው የመጣሁልህ፤ ይቅር በለኝ።»

ያርጋል ታብሌቱን ጥቂት አዩት። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነና ልጃቸው ከኋላ ጀርባቸውን አሻሸች።

«ሸጋው» አሉ ሳሉ ሲለቃቸው፣ «እንግዲህ መለያየታችን ነው፣ እውነቱን ልንገርህ። ካነበብህልኝ ሁሉ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም።»

ጋሽ ሸጋው በደንብ ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ፤ ያርጋል ቀጠሉ።

«ኤንትሬዋ ፍሬኗ በአየር ነው። አየር ሳይሞላ ይህን ቁልቁለት የጀመረ ሾፌር የለም፤ አየር እንዲሞላ ደግሞ ሞተሩ አይጠፋም፣ ነዳጅ እየሰጠሁት ይጮሃል። እኔ ከላይ ሆኜ አፍህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። መጽሐፉን ስትስም፣ ጨረሰ ብዬ አማትቤ እሄዳለሁ።»

የጋሽ ሸጋው ፊት ጋለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሞተር ሲያነቡ ኖረዋል ማለት ነው። ታብሌቱን ወደ ማኅደሩ መለሱ፤ ጠፍሩን ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ታዲያ ምን ሊሠራልህ ትቆም ነበር ብለው በቁጣ ጠየቁ።

«አንተን ለማየት ነዋ» አሉ ያርጋል። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «ይህን መንገድ በጎሕ ወርደህ የምትጠርገው አንተ ነህ። ናዳ ዘግቶት ቢሆን፣ ጠርዙ ተቦርቡሮ ቢሆን፣ ታች አካፋህን ይዘህ ነበር የምትገኘው፤ እዚህ ቆመህ መጽሐፍ አትዘረጋም። አንተ ግንቡ ጋ ቆመህ ካየሁህ መንገዱ ሰላም ነው። ባለቤቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትፈራ፣ ሸጋው እስካለ ምንም አልሆንም እላት ነበር።»

ጋሽ ሸጋውን በመጀመሪያ የተሰማቸው ቁጭት ነው፤ በመጽሐፌ ኖርሁ ሲሉ፣ ሰው ይተማመን የነበረው በአካፋቸው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ግን ያ ቁጭት የቱ ጋ እንደሄደ ሳያውቁት ዓይናቸው እንባ ሞላ። በመስኮቱ በኩል የወዳጃቸውን ትከሻ ያዙ። ሾፌሩ ሰዓቱን ማየት ትቶ እሳቸውን ያይ ነበር።

«እንግዲህ ንገረኝ» አሉ ያርጋል። «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?»

ጋሽ ሸጋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብለው በመስኮቱ ተናገሩ፤ የድሮው የጠዋት ንባብ ድምፃቸው ተመልሶላቸው ነበር።

«ከታች የወጡትን ጠይቄያለሁ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሌሊት ድንጋይ ወርዶ የገደሉን ዳር ይዟል፤ ጠበብ ይላል፣ ወደ ግድግዳው ተጠግተህ እለፍ። ከዚያ በኋላ እስከ ታች ሰላም ነው።»

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ያርጋል መቀመጫቸው ላይ ተደላደሉ፣ ሻርፓቸውን አስተካከሉ፣ የጨበጡትንም የበር እጀታ ለቀቁት።

«በል ንዳ» አሉት።